ጥላው ቦታ ላይ ፈርን ትከዪበት

ውድ ልጄ፣

ከቤቱ ጀርባ ያለው ጥላ ቦታ ምንም አያበቅልም ብለሽ ልትተዪው መሆኑን ከጻፍሽልኝ ወዲህ ሐሳቤ እዚያው ነው። እባክሽ እንዳትተዪው። ፈርን የሚባለውን፣ ቅጠሉ ላባ የሚመስለውን ተክል ትከዪበት። ሌላው አትክልት ፀሐይ ሲያጣ ይኮሰምናል፤ አብዛኛው ፈርን ግን የትልልቅ ዛፎችን ጥላ ለምዶ የኖረ ነው። ዝርያው ከ10,000 በላይ ስለሆነ ላንቺ ቦታ የሚስማማ አይጠፋም።

ጥላ ስል ግን ድቅድቅ ጨለማ ማለቴ አይደለም። በቅጠል መሃል ሾልካ የምትገባ ብርሃን ወይም የማለዳ ፀሐይ ብትኖር ጥሩ ነው። የቀትር ፀሐይ ከመታው ጫፉ ያርራል። ጭራሽ ብርሃን ካላገኘ ደግሞ ይሳሳል።

ልፋትሽን ሁሉ አፈሩ ላይ አድርጊው። ዛፍ ሥር ያለ መሬት ብዙ ጊዜ ደረቅ ነው፤ ዝናቡን ቅጠሉ ይጋርደዋል፣ የተረፈውን ደግሞ የዛፉ ሥር ይመጠዋል። ስለዚህ ጉድጓድ ብቻ ቆፍረሽ አትለፊ። ቦታውን በሙሉ አላልተሽ የበሰበሰ ቅጠልና ኮምፖስት ደባልቂበት። ትልልቁን የዛፍ ሥር አትቁረጪ፣ በመሃል በመሃሉ ትከዪ። አፈሩ መድረሱን ለማወቅ እፍኝ ሙሉ ዘግነሽ ጨብጪው። ጠብ የሚል ውሃ ሳይኖረው ቅርጹን ከያዘና በጣትሽ ስትነኪው ፍርፍር ካለ ደርሷል። ውሃ የሚያቁር ጭቃ ከሆነ ሥሩ ይበሰብሳል።

ስትተክዪ መሃሉን ልብ ብለሽ እዪው። አዲሱ ቅጠል እንደ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ተጠቅልሎ የሚወጣው ከዚያ ነው። እሱ በአፈር መቀበር የለበትም፤ ከመሬቱ እኩል ይሁን። ለጋው ተጠቅልሎ ሳለ ቶሎ ስለሚሰበር፣ አደራ፣ ልፍታው ብለሽ እንዳትነካኪው። በራሱ ጊዜ ይዘረጋል።

እ.ኤ.አ. በ1829 ገደማ የሆነውን ላጫውትሽ። ናትናኤል ዋርድ የሚባል የለንደን ሐኪም ጓሮው ውስጥ ፈርን ለማብቀል ቢለፋም የከተማው የከሰል ጭስ አላስቀምጥ አለው። አንድ ቀን የእሳት ራት እድገት ለመከታተል እርጥብ አፈር ያለበት ጠርሙስ ከደነ። ጠርሙሱ ውስጥ ያልዘራው ፈርን በቀለ! ጭሱ አልነካውም፣ እርጥበቱም አልራቀውም። በኋላ ዕፅዋት በመርከብ ባሕር አቋርጠው የተጓዙበት የመስታወት ሣጥን የመጣው ከዚህ ነው። ይሄን ታሪክ የምወደው ፈርን የሚፈልገውን ቁልጭ አድርጎ ስለሚያሳይ ነው።

አንቺ ጠርሙስ አያስፈልግሽም። ከላይ የደረቀ ቅጠል ጎዝጉዢበት፤ እርጥበቱን ይይዝልሻል፣ ሲበሰብስም ምግብ ይሆነዋል። ከዛፉ የረገፈውንም ጠርገሽ አትጣዪ። ውሃውን ጠዋት ከሥሩ አጠጪው። ማዳበሪያ እንዳታበዢ፣ ያቃጥለዋል።

አንድ ቀን ቅጠሉን ገልበጥ ስታደርጊ ከሥሩ በረድፍ የተደረደሩ ቡናማ ነጠብጣቦች ታያለሽ። ተባይ መስሎሽ መድኃኒት እንዳትረጪ። ስፖሩ የሚቀመጥበት ነው። ፈርን አበባም ዘርም የለውም፤ የሚራባው በዚህ እንደ ዱቄት በላመ ስፖር ነው። ተባይ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ሥርዓት ባለው መስመር አይሰለፍም ነበር።

ለመጀመሪያ ሜይደንሄር ፈርን አልመክርሽም። ውብ ነው፣ ግን አንዴ ውሃ ከጓደለበት ወዲያው ይጠወልጋል። የጃፓን ፔይንትድ ፈርን ይሻልሻል፤ ብርማ ቅጠሉ ጥላ ውስጥ ፈክቶ ይታያል። የመጀመሪያውን ዓመት ሥሩ እስኪይዝ ብቻ ውሃ አታጓድዪበት።

እስከዚያው ቦታው ላይ ፀሐይ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደምታርፍ አይተሽ ጻፊልኝ። ሌሎቹን አብረን እንመርጣለን።

እናትሽ