የወንዝ ዳሯ ጎጇችን ነገር

ሰላም ጓደኞቼ፣ ዜናው ጥሩ አይደለም። ያቺ ዓሣ ስናጠምድ የምናድርባት ጎጇችን የለችም፣ ጎርፉ ወስዷታል። ትናንት ውሃው ትንሽ ሲጎድል ሄጄ አየሁ፣ የቀረው ሁለት ቋሚ ብቻ ነው፣ ጀልባዋን ደግሞ ታች ዛፍ ላይ ተሰቅላ አገኘኋት (ሰው ሆን ብሎ የሰቀላት ነው የምትመስለው)። እውነቱን ለመናገር ቦታውን ስንመርጥ ነው የተሳሳትነው፣ ወንዙ የሚታጠፍበት የውጪው በኩል ላይ ነው የሠራናት፣ እዛ ጋ ውሃው ስለሚፈጥን አፈሩን ከሥር እየቦረቦረ ይበላዋል፣ ጥልቅ ሆኖ ዓሣ የሚበዛውም ለዚሁ ነው እኮ፣ የወደድንለት ነገር ራሱ ጉድ ሠራን። ዳርቻው በየዓመቱ ወደኛ ሲጠጋ እያየን ዝም አልን።

አደራ፣ ዕቃ እንፈልጋለን ብላችሁ ውሃው ውስጥ እንዳትገቡ። በኃይል የሚሮጥ ውሃ 15 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ሆኖ እንኳን አዋቂ ሰው ይጥላል፣ 60 ሴንቲ ከደረሰማ መኪና ይዞ ይሄዳል። ጠርዙ ላይም አትቁሙ፣ ከሥሩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ያገኘኋቸው ሦስት የማጥመጃ ዘንጎች እኔ ጋ ናቸው፣ ጭቃ በጭቃ ሆነዋል። ፎቶ ያላችሁ ላኩልኝ፣ በተለይ በረንዳው ላይ አንድ ላይ የተነሳነውን፣ እኔ ስልክ ላይ አንድም የለም።