ሌላ ሽሮፕ ከመታዘዙ በፊት

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል፤

በጤና ዓምዳችሁ ስለ ሕፃናት ትውከት ሲነሣ አብዛኛውን ጊዜ የሚጻፈው ስለ ተቅማጥ፣ ስለ ንጹሕ ውሃና ስለ ኦ አር ኤስ ነው። ተገቢ ነው፤ የብዙ ሕፃናት ነፍስ የሚተርፈው በዚሁ ነው። እኔ የምጽፍላችሁ ግን ሰሞኑን ጀምሮ ሰሞኑን ስለሚያልፍ ትውከት አይደለም። በአፋቸው መብላት ስለማይችሉ፣ ሆዳቸው ላይ በገባ ቱቦ ስለሚመገቡና ክረምት ከበጋ ስለሚያስመልሳቸው ልጆች ነው። ቁጥራችን ትንሽ የሚመስለው ከቤት ስለማንወጣ ነው። በሚኒባስ ውስጥ ልጁ ያስመለሰበት ወላጅ ሁለተኛ ሚኒባስ ለመሳፈር ያመነታል።

ልጄ ሰባት ዓመቱ ነው። ሲወለድ ታፍኖ ስለነበር አእምሮው ተጎድቷል፤ ሐኪሞች ሴሬብራል ፓልሲ ይሉታል። ያለ ድጋፍ አይቀመጥም፣ አይናገርም፣ የሚጥል በሽታም አለበት። በማንኪያ ስናጎርሰው ምግቡ ወደ ሳንባው እየገባ የሳንባ ምች ደጋግሞ ስለጣለው የሆድ ቱቦ ገባለት። ቱቦው ከትንታው ገላገለን፤ ትውከቱ ግን ባሰ። በኛ ብቻ የደረሰ አይደለም። እንዲህ ዓይነት ጉዳት ያለባቸው ልጆች ጨጓራቸው የተቀበለውን ወደ አንጀት የሚያሳልፈው ቀስ ብሎ ነው። ከጨጓራው በላይ ያለው መዝጊያ ጡንቻ ይላላል፤ ሰውነታቸው ሲገታተር ደግሞ ሆዳቸው ይጨመቃል። የገባው ቢመለስ አይገርምም።

የሚያበሳጨኝ ለትውከቱ የሚሰጠን መልስ ነው። ልጁ ባስመለሰው ቁጥር ይዘን እንሄዳለን፣ ሽሮፕ ይታዘዝልናል፣ እንመለሳለን፤ ሽሮፑንም ያስመልሰዋል። እንዴት እንደማበላው የጠየቀኝ ሰው ለረጅም ጊዜ አልነበረም። ቱቦው ገብቶለት ከሆስፒታል ስንወጣ ያገኘሁት ትምህርት ኮሪደር ላይ ቆሜ የሰማሁት ነው፤ «በየሦስት ሰዓቱ አንድ ብርጭቆ ስጪው» ተባልኩ። ነርሷ ደግ ሰው ነበረች፤ ወረፋው ግን እስከ በሩ ተሰልፎ ይጠብቃት ነበር። የትኛው ብርጭቆ? በስንት ደቂቃ? ተኝቶ ወይስ ተደግፎ? መምህር ነኝና ለተማሪዎቼ እንዲህ ያለ መመሪያ ብሰጥ ርዕሰ መምህሩ ቢሮ ያስጠራኝ ነበር።

ነገሩ የተለወጠው አዲስ አበባ ለክትትል ስንሄድ ያገኘናቸው አንዲት ሐኪም ወንበራቸውን ስበው «እስቲ እዚሁ አብዪው፤ ልየው» ባሉኝ ጊዜ ነው። ስልሳ ሚሊ ሊትር የሚይዘውን ስሪንጅ መግፊያውን አውጥቼ ቱቦው ላይ ሰካሁና ወተቱን ሞልቼ፣ ሁሉም ሰው እንደሚያደርገው ከፍ አድርጌ ያዝኩት። ወተቱ ቁልቁል ወረደ። ሐኪሟ እጄን ይዘው ዝቅ አደረጉት፤ ስሪንጁ ከልጁ ትከሻ ትንሽ ብቻ ከፍ እንዲል። አወራረዱ ወዲያው ረጋ አለ። ልጁ ሲያስለው ወተቱ በስሪንጁ ውስጥ ወደ ላይ ተመለሰ፣ ኩል ኩል ብሎ አረፋ አወጣና እንደገና ወረደ። «ተዪው፣ አየሩ ይውጣለት። ግሣት የማይወጣለት ልጅ በዚህ ነው የሚያገሣው» አሉኝ። ከዚያ ሆዱን ዳሰሱና ለመጨረሻ ጊዜ ዓይነ ምድር የወጣው መቼ እንደሆነ ጠየቁኝ። ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። «ታች ተዘግቶ ላይ እንዴት ይውረድ?»

የልጄ ትውከት ግማሹ ምክንያት የሆድ ድርቀት ነበር። የማይንቀሳቀስ ልጅ ሆዱ ይደርቃል፤ የሚወስዳቸው መድኃኒቶችም ያባብሱታል። አንጀቱ ሲሞላ ጨጓራው ይዘገያል። ለዚህ ላክቱሎዝ ታዘዘለት፤ በቱቦው የሚሰጠው ውሃም ተጨመረ። ምግቡ በአንድ ጊዜ የሚሰጠው መጠን ተቀንሶ በቀን የሚሰጥበት ጊዜ ቁጥር እንዲበዛ፣ አንዱ ማዕድ ግማሽ ሰዓት ያህል እንዲወስድ፣ ሲበላ ከወገቡ በላይ ከ30 እስከ 45 ዲግሪ ቀና እንዲል፣ ከበላም በኋላ አንድ ሰዓት ያህል እንዳይተኛ ተባልን። አሁን በጋቢ ጠቅልዬ በትራስ አስደግፈዋለሁ፤ ልብሱ የሚቀየርለት፣ እግሩ የሚታሸውም ከምግብ በፊት ነው።

ሌላም ነገር ነበር። ለልጄ መጀመሪያ የገባለት ለሆድ ተብሎ የተሠራ ቱቦ አልነበረም፤ እሱ ሲታጣ በምትኩ የሽንት ቱቦ ገባለት። በችግር ጊዜ የሚደረግ ነው፤ አልቃወምም። ነገር ግን የሽንት ቱቦ ውጭ ላይ ቆዳን ይዞ የሚያስቆመው ማቆሚያ ስለሌለው ወደ ውስጥ ይንሸራተታል። ጫፉ ላይ ያለችው በውሃ የተነፋች ፊኛ ወደ ጨጓራው መውጫ ከሄደች እንደ ውታፍ ትደፍነዋለች፤ ያን ጊዜ ልጁ የሰጠኸውን ሁሉ ይመልሳል። ሐኪሟ ቱቦው ከቆዳው በሚወጣበት ቦታ በማይለቅ እስክሪብቶ ምልክት አደረጉና በየቀኑ እንድመለከተው ነገሩኝ። ይህን የማያውቅ ወላጅ ትውከቱ በድንገት ሲብስ ወደ መድኃኒት ቤት ይሮጣል፤ የሚያስፈልገው ግን ቱቦውን ወደ ቦታው የሚመልስለት ባለሙያ ነው።

በቤት ያለው ፈተና ደግሞ ሌላ ነው። አማቴ የልጅ ልጃቸውን ይወዱታል። በእኛ አገር ፍቅር የሚገለጠው በጉርሻ ነውና «ምነው ከሳ? ጨምሪለት እንጂ» ይሉኛል። ሐኪሟ እንዳስረዱኝ አልጋ ላይ የሚውል ልጅ የሚያስፈልገው ምግብ ሲሮጥ ከሚውለው እኩያው ያነሰ ነው። ከሚገባው በላይ የሚሰጠው ትርፍ ሥጋ አይሆነውም፤ ወይ ይተፋዋል፣ ወይ ለማንሣት የሚያስቸግር ክብደት ይሆንበታል። በተቃራኒው ሲያስመልሰው ፈርተው ምግብ የሚቀንሱና ልጃቸው የሚመነምንባቸው እናቶችም አውቃለሁ። መጠኑን የሚወስነው ሚዛን ነው፤ ልጁ በየክትትሉ መመዘን አለበት። መቆም ስለማይችል ሳይመዘን የምንመለስበት ጊዜ ብዙ ነው። እናትየው ታቅፋው ሚዛኑ ላይ ትውጣ፣ ከዚያ የእሷ ይቀነስ፤ ይህ የአራተኛ ክፍል ሒሳብ ነው።

ጎረቤት ደግሞ «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ አስቆርጪው» ይላል። ሌላዋ «ግግ ነው» ትላለች። እነዚህን ሰዎች አልቀየማቸውም፤ ከልባቸው አዝነው ነው። ግን እንጥል ማስቆረጥም ሆነ ግግ ማስወጣት ልጅን ለደም መፍሰስና ለመመረዝ ከማጋለጥ በቀር ለዚህ ትውከት የሚፈይደው የለም።

ወደ ሽሮፖቹ ልመለስ። መድኃኒት ቤት የሚሠራ ወንድም ስላለኝ ስለ እያንዳንዳቸው እነዘንዘዋለሁ። ኦሜፕራዞል የጨጓራን አሲድ ይቀንሳል፤ የሚመለሰው ምግብ ጉሮሮውን እንዳያቃጥለውም ይረዳል። የሚመለሰውን መጠን ግን አይቀንስም። ትውከት ያቆማል ብሎ የጠበቀ ሰው መድኃኒቱ ሠርቶለት ሳለ አልሠራም ብሎ ይጥለዋል። ብዙዎቻችን ፕላሲል የምንለውን ሜቶክሎፕራማይድን በተመለከተ ደግሞ የአውሮፓ የመድኃኒት ተቆጣጣሪ በ2013 እ.ኤ.አ. ከአንድ ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ፣ ለሌሎችም ከ5 ቀን እንዳይበልጥ ወስኗል። ምክንያቱ አንዳንድ ሰው ላይ ከቁጥጥር ውጭ የሆነ የጡንቻ መወራጨትን ስለሚያመጣ ነው። ሰውነቱ ቀድሞውንም በሚገታተር ልጅ ላይ ያን ማን ይለየዋል? ሐኪም አይቶና መዝኖ ቢያዝ እቀበላለሁ፤ በስልክ ተጠይቆ በወንድምና በእኅት እጅ የሚመጣውን ግን ፈራሁት። የሚጥል በሽታ መድኃኒቱን ወስዶ ወዲያው ሲያስመልሰው ምን እንደማደርግም እስክጠይቅ ድረስ የነገረኝ አልነበረም። ልድገምለት ወይስ ልተወው? መልሱ እንደ መድኃኒቱና እንደ ሰዓቱ ስለሚለያይ ከሐኪሙ አስቀድሞ ተጽፎ መያዝ ያለበት ነገር ነው።

የምግቡም ዓይነት ለውጥ ያመጣል። በአሜሪካ ሲንሲናቲ ውስጥ በሚገኝ የሕፃናት ሆስፒታል የተሠራና በ2011 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንዳለ ሐኪሟ ነግረውኛል። ትውከትን የሚከላከል የጨጓራ ቀዶ ሕክምና ተደርጎላቸው ሳለ ለማስመለስ እየታገሉ ማጓራቱ ላልቆመላቸው 33 ልጆች በፋብሪካ ወተት ምትክ የተፈጨ ምግብ በቱቦ ተሰጣቸው፤ የ24ቱ ወላጆች ማጓራቱ በግማሽ ወይም ከዚያ በላይ እንደቀነሰ ተናግረዋል። እኛም በሥነ ምግብ ባለሙያ ምክር የድንች፣ የካሮትና የምስር ክክ ቅልቅል ዘይት ጠብ አድርገንበት፣ ፈጭተን በወንፊት አጥልለን ሞከርነው። ለልጄ ተስማምቶታል። አጥሚት ግን አላዋጣኝም። የደብረ ብርሃን ብርድ ይታወቃል፤ አጥሚቱ ስሪንጁ ውስጥ ሳለ እየቀዘቀዘ ይወፍርና ቱቦውን ይደፍነዋል። መብራት ሲጠፋ መፍጫው ስለማይሠራ የዱቄት ወተት ሁልጊዜ በመጠባበቂያነት አለኝ። ቱቦው በቅርቡ የገባለት ወይም ጫፉ አንጀት ውስጥ የሆነ ልጅ ግን ይህን ሳያማክር አይጀምር።

ትውከቱ ጠፍቷል ብዬ አልዋሽም። ጉንፋን ሲይዘው፣ አክታ ሲበዛበት፣ መድኃኒቱ ሲቀየር ይመለሳል። ዛሬ ግን የለመድኩትን ትውከት ካለመድኩት እለያለሁ። አረንጓዴ ከሆነ፣ ደም ወይም የቡና አተላ የመሰለ ነገር ካለበት፣ ሆዱ ተነፍቶ ከጠጠረ፣ ካተኮሰው፣ ከወትሮው በተለየ ከደከመ ወይም ሽንቱ ካነሰ ምግቡን አቁሜ፣ ቱቦውን ከፍቼ፣ በጎኑ አስተኝቼው ሆስፒታል እወስደዋለሁ። በጭንቅላታቸው ውስጥ የተከማቸውን ፈሳሽ የሚያወርድ ቱቦ ያላቸው ልጆች ደግሞ ትውከትና እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት አንድ ላይ ከመጣባቸው ችግሩ ሆዳቸው ውስጥ ላይሆን ይችላልና የእነሱ ወላጆች ሌሊቱን እንኳ መጠበቅ የለባቸውም።

ይህን ሁሉ ያገኘሁት ወንበራቸውን ስበው ከተቀመጡ አንዲት ሐኪምና መድኃኒት ቤት ከሚሠራ ወንድሜ ነው። ሁለቱም የሌሉት ወላጅስ? የሆድ ቱቦ በእንዶስኮፒ፣ ማለትም በአፍ በሚገባ ካሜራ ባለው ቀጭን መሣሪያ እየታየ፣ ያለ ትልቅ ቀዶ ሕክምና ማስገባት በአሜሪካ ክሊቭላንድ የተጀመረው በ1979 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከመጀመሪያዎቹም ታካሚዎች አንዱ የጥቂት ወራት ሕፃን ነበር። ሕክምናው ይህን ያህል ዕድሜ ካስቆጠረ በኋላ እንዴት እንደሚበላበት የሚያስረዳ አንድ ገጽ አማርኛ እስካሁን እጄ አልገባም። ስለዚህ ጥያቄዬ ለጤና ሚኒስቴር፣ ለኢትዮጵያ የሕፃናት ሐኪሞች ማኅበርና ቱቦ ለሚያስገቡ ሆስፒታሎች ሁሉ ነው፤ ቱቦ ገብቶለት የሚወጣ ልጅ መጠኑ፣ ፍጥነቱ፣ አቀማመጡ፣ የቱቦው ምልክትና የአደጋው ምልክቶች በሚገባን ቋንቋ የተጻፉበት ወረቀት ይዞ ይውጣ። የሆድ ቱቦ እስካለ ድረስ የሽንት ቱቦ አይግባ። እናንተም የጤና ዓምዳችሁን አንድ ሳምንት ለእነዚህ ልጆች ብትሰጡ አነባለሁ፣ አስነብባለሁም።

ወረቀቱ የሆስፒታል ማኅተም ቢኖርበት ደግሞ ደስ ይለኛል። አማቴ እኔን ይከራከሩኛል፤ ማኅተም ያለበትን ግን አይከራከሩም።

ስሜ እንዲቆይልኝ እጠይቃለሁ።

የሰባት ዓመት ልጅ እናት
ከደብረ ብርሃን