በሕማማት ሳምንት ስለሚከበር የትምህርት ቤት ፋሲካ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

ልጄ አዲስ አበባ ውስጥ በሚገኝ አንድ የግል ትምህርት ቤት የ3ኛ ክፍል ተማሪ ነች። ትምህርት ቤቱ የዘንድሮውን ፋሲካ ያከበረው በጸሎተ ሐሙስ ሲሆን፣ ማግስቱ ስቅለት በመሆኑና ትምህርት ስለማይኖር ሌላ አመቺ ቀን እንዳልተገኘ በመገናኛ ደብተሯ ተጽፎልን ነበር። የ55 ቀኑን ጾም ልትጨርስ ሁለት ቀን ብቻ የቀራት ልጅ ክሬም የተቀባ ኬክ ተሰጥቷት፣ መምህሯን ላለማስቀየም ተቀብላ፣ ሳትቀምሰው በምሳ ዕቃዋ ይዛው መጣች፤ ከተረፈው ሽሮ ጋር ተለውሶ አገኘሁት።

የተጠየቅነውን መዋጮ ከፍለናል፤ ቅሬታዬ በእርሱ አይደለም። በየቤቱ ጉልባን በሚቀቀልበት ቀን ልጆችን በወተትና በቅቤ ምግብ መፈተን ግን፣ በዓሉን ማክበር ሳይሆን ትርጉሙን ማሳት ይመስለኛል። ከትንሣኤ እስከ ጰራቅሊጦስ ባሉት 50 ቀናት ረቡዕና ዓርብም ስለማይጾም፣ ዝግጅቱ ከበዓሉ በኋላ ባለው በማንኛውም የትምህርት ቀን ሊካሄድ ይችላል።

በሌላ በኩል፣ ትምህርት ቤቱ ስግደትና ጸሎት ጭምር ያስተምርልን የሚሉ ወላጆች አሉ። በዚህ አልስማማም፤ በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 90 ትምህርት ከሃይማኖት ተጽዕኖ ነጻ እንዲሆን ይደነግጋል፣ የልጄም የዴስክ ጓደኛ ሙስሊም ነች። ትምህርት ቤቶች ቀኑን ከመቁረጣቸው በፊት ወላጆችን ቢያማክሩ እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት ወላጅ፣ ከአዲስ አበባ