ግልጽ ደብዳቤ ለትምህርት ሚኒስቴር፦ ተረጂውም ተማሪ ነው

ጉዳዩ፦ በትምህርት ቤት ውስጥ ስለሚደረግ እርዳታና የበጎ ፈቃድ ስራ መመሪያ እንዲወጣ ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ የሚኒስቴሩ ኃላፊዎች፣

መምህር ነኝ፣ የበጎ አድራጎት ክበብ ተጠሪም ነኝ። ይሄን የምጽፈው የትኛውንም ትምህርት ቤት ለመክሰስ አይደለም። ክበብ ይዞ የሰራ መምህር ሁሉ የሚያውቀው ግን ስብሰባ ላይ ማንም የማያነሳው ነገር ስላለ እሱ እናንተ ጋ እንዲደርስ ፈልጌ ነው። ጥያቄዬ አንድ ነው፣ በትምህርት ቤት ውስጥ የሚደረግ እርዳታና አገልግሎት ሰጪውን ብቻ ሳይሆን ተቀባዩንም እንደ ተማሪ የሚያይ መመሪያ ይውጣለት።

የትምህርት ቁሳቁስ ርክክብ ሲኖር የሚሆነውን ታውቁታላችሁ። ጠዋት ሰልፍ ላይ ሁሉም ተማሪ ቆሞ ስም በማይክ ይጠራል፣ የተጠሩት ልጆች አንድ በአንድ መድረክ ላይ ይወጣሉ፣ ከኋላ ባነር አለ፣ ለጋሹ የቦርሳውን አንዱን ጫፍ ይይዛል ልጁ ሌላውን ይይዛል፣ "ወደ ካሜራው እይ" ይባላል፣ ፎቶው ካላማረ ይደገማል። ማታ ያው ፎቶ ከነልጁ ፊት ቴሌግራምና ፌስቡክ ላይ ይለቀቃል፣ ከስሩ ደሞ "አቅም ለሌላቸው ተማሪዎች" ተብሎ ይጻፍበታል። አንድ የሰባተኛ ክፍል ልጅ እንደዚህ ቦርሳ በተሰጠው ማግስት ደብተሮቹን በፌስታል ይዞ መጣ። ቦርሳውስ ስለው መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዛ "ቲቸር ሁሉም ያውቁታል እኮ" አለኝ። ቦርሳዎቹ በሙሉ አንድ አይነት ቀለም ናቸው፣ ጀርባቸው ላይ የለጋሹ አርማ በትልቁ ታትሟል፣ ልጁ ያንን ባዘለ ቁጥር ግቢ ውስጥ ያለ ተማሪ ሁሉ እነሱ ቤት ኑሮው እንዴት እንደሆነ ያውቃል ማለት ነው። አዲስ ቦርሳ ቤት ተቀምጦ እሱ በፌስታል መምጣቱን መረጠ።

በዚህ እድሜ ላይ ያለ ልጅ ከምንም በላይ የሚፈራው ከጓደኞቹ ተለይቶ መታየትን ነው፣ አስተማሪ የሆነ ሰው ይሄ አይጠፋውም። ቦርሳ ያስፈልገዋል፣ ደብተር ያስፈልገዋል፣ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን የተቸገረ መሆኑን ሺህ ተማሪ ፊት ቆሞ ማሳየት የቦርሳው ዋጋ መሆን የለበትም። የህጻናት መብቶች ኮንቬንሽን (እ.ኤ.አ 1989) አንቀጽ 16 ላይ የህጻን የግል ህይወት ያለአግባብ ጣልቃ እንዳይገባበት፣ ክብሩና መልካም ስሙም በህገወጥ መንገድ እንዳይነካ ይላል። ይሄ የአዋቂ ብቻ መብት አይደለም። ደሞ ወላጅ ፈርሟል የሚባለውን መልስ እኔ አልቀበለውም፣ እርዳታ የሚጠብቅ ወላጅ "ፎቶ አትፍቀዱ" ብሎ ለመከራከር በምን አቅሙ? ልጁንማ የሚጠይቀው ሰው ጭራሽ የለም።

ለጋሾች ፎቶ ካላዩ አይሰጡም የሚል ነገር ሁሌ ይነሳል። እውነት አለው፣ ገንዘብ ያወጣ ሰው ንብረቱ መድረሱን ማረጋገጥ ይፈልጋል፣ መብቱም ነው፣ በእርዳታ ስም ብዙ ነገር መንገድ ላይ ሲቀር ታይቷል። ግን ማረጋገጫ እኮ የልጅ ፊት ብቻ አይደለም። የገባው እቃ ይቆጠር፣ ደረሰኝ ይሰጥ፣ እቃው ራሱ ፎቶ ይነሳ፣ የተቀባዮች ዝርዝር በወላጅ ፊርማ ትምህርት ቤቱ ጋ በምስጢር ይቀመጥ፣ ኦዲተር ሲመጣ ይየው። እንደውም ይሄ ከፎቶ የተሻለ ማስረጃ ነው፣ አንድ ፎቶ ላይ አስር ልጅ ቢታይ የቀረው ዘጠና ቦርሳ የት እንደገባ አይናገርም። ማከፋፈሉም ቀላል ነው፣ ማን ምን እንደጎደለው የክፍል ኃላፊው ያውቃል፣ ወላጅ ለሌላ ጉዳይ እንደመጣ ሆኖ ቢሮ ገብቶ ይረከባል፣ ቦርሳው ደሞ አርማ የሌለበት፣ ማንኛውም ልጅ ሊይዘው የሚችል አይነት ይሁን። ቀኝ እጅ የሰጠውን ግራ እጅ አይወቅ የሚለው ትምህርት በክርስትናም በእስልምናም ያለ ነው፣ ህዝባችን ከእኔና ከእናንተ በፊት የሚያውቀውን ነው የምጠይቀው።

ሁለተኛው መዋጮው ነው። ክፍል ውስጥ ያመጣና ያላመጣ ተብሎ ስም ይነበባል፣ ብዙ ያዋጣው ክፍል በሚኒ ሚዲያ ይመሰገናል፣ ሰርተፍኬትም የሚሰጥበት ቦታ አለ። እስቲ አስቡት፣ ያላመጡት ውስጥ የሚጠራው ልጅ አብዛኛውን ጊዜ መዋጮው የሚሰበሰብለት ልጅ ራሱ ነው! ሽልማቱም ቢሆን እንደሚመስለው ጥሩ አይደለም። እ.ኤ.አ በ1973 የታተመ የታወቀ ጥናት አለ፣ ስታንፎርድ ባለ አንድ መዋዕለ ህጻናት ስዕል መሳል የሚወዱ ልጆችን ለይተው ለተወሰኑት "ከሳላችሁ ሰርተፍኬት ትሸለማላችሁ" አሏቸው፣ ከሳምንት ሁለት ሳምንት በኋላ በነጻ ሰዓታቸው ሲያዩዋቸው ሽልማት የተነገራቸው ልጆች ምንም ካልተነገራቸው በግማሽ ያነሰ ጊዜ ነው ስዕል ላይ ያጠፉት። መስጠት ስዕል አይደለም፣ ግን በማርክና በሰርተፍኬት የለመደ ልጅ ማርኩ ሲቀር መስጠቱም እንዳይቀር እሰጋለሁ። ሳጥን ይቀመጥ፣ የፈለገ የፈለገውን ያስገባ፣ ስም አይመዝገብ፣ በቃ። ሳጥኑ ሲከፈት ግን ምን ያህል እንደተገኘና ምን እንደተገዛበት ሰሌዳ ላይ ይለጠፍ፣ ተማሪዎቹ ከዛ ሂሳብ የሚማሩት ብዙ ነው።

የበጎ ፈቃድ ሰዓትን በተመለከተ፣ ግዴታ ይሁን የሚል ሀሳብ በየጊዜው እሰማለሁ፣ ሌላ አገርም አለ፣ ካናዳ ኦንታሪዮ ውስጥ ሁለተኛ ደረጃ ለመጨረስ 40 ሰዓት፣ አሜሪካ ሜሪላንድ ውስጥ 75 ሰዓት ይጠየቃል። ሀሳቡን አልቃወምም። ግን እ.ኤ.አ በ1999 የታተመ ሌላ ጥናት እንዳሳየው ሰው መጀመሪያውኑ ብዙም ፍላጎት ሳይኖረው ተገድጄ ነው የምሰራው ብሎ ከተሰማው በኋላ በራሱ ፈቃድ የማገልገል ፍላጎቱ ይቀንሳል፣ ምርጫ ሲሰጠው ግን ጉዳቱ ይቀላል። ስለዚህ ሰዓቱ ግዴታ ቢሆን እንኳን ስራውን ተማሪው ይምረጥ። እኛ ጋ ያለው ችግር ደሞ ከዚህም ይብሳል፣ ያረፈደ ተማሪ ግቢ ጥረግ ተብሎ ይቀጣል፣ በበጎ ፈቃድ ቀን ደሞ ያንኑ መጥረጊያ ይዞ "አገልግሎት ነው" ይባላል። ሰኞ ቅጣት የነበረ ስራ አርብ ላይ ክብር ነው ብትለው ልጁ የትኛውን ይመን? ጽዳት ቅጣት መሆኑ በመመሪያ ይቅር፣ ካልቀረ የበጎ ፈቃድ ጽዳት የሚባል ነገር ልጆች ልብ ውስጥ አይገባም።

በክበባችን ካየሁት ሁሉ ልቤን የሞላው ከፍ ያለ ክፍል ያሉ ልጆች ለታናናሾቻቸው ንባብና ሂሳብ የሚያስጠኑበት ፕሮግራም ነው። ብር አይፈልግም፣ ባነር አይፈልግም፣ አንድ ባዶ ክፍልና ጠመኔ በቂ ነው። እዚያ ውስጥ ማን ሀብታም ማን ደሃ እንደሆነ አይታወቅም፣ የሚታወቀው ማን ክፍልፋይ በደንብ እንደሚያስረዳ ነው። ያ በፌስታል የሚመጣው ልጅ ሂሳብ ጎበዝ ነው፣ አራተኛ ክፍሎችን ያስጠናል፣ ልጆቹ ሲያዩት ሮጠው ነው የሚመጡት፣ አንድ ቀን አንዷ ልጅ መልሱን ስታገኝ ከእሷ በላይ እሱ ነበር የጮኸው። ተረጂ ብለን የመዘገብነው ልጅ የሚሰጠው ነገር አለው፣ የኛ አሰራር ግን መድረክ ላይ አውጥቶ ተቀባይ ብቻ አድርጎ ያሳየዋል።

እንግዲህ ከእናንተ የምንፈልገው ረጅም ሰነድ አይደለም፣ ሁለት ገጽ ሰርኩላር ይበቃል። እርዳታ የሚቀበል ተማሪ ስሙ በይፋ እንዳይጠራ፣ ፎቶው እንዳይነሳና እንዳይለጠፍ፣ እስካሁን የተለጠፉትም እንዲወርዱ፣ መዋጮ ከማርክና ከስም ጥሪ እንዲለይ፣ ጽዳት ቅጣት መሆኑ እንዲቀር፣ ማስጠናት ደሞ እንደ አገልግሎት ሰዓት እንዲቆጠር። እኔ አንድ የክበብ ተጠሪ ነኝ፣ ለጋሽ ከነካሜራማኑ ሲመጣ "አይቻልም" ለማለት ዳይሬክተሩም እኔም የምናሳየው ወረቀት የለንም፣ ልመናችን የሚቆመው እሱ ጋ ነው። ቁሳቁስ የሚከፋፈለው ትምህርት ሲከፈት ስለሆነ ሰርኩላሩ ከምዝገባ በፊት ቢደርሰን ለዘንድሮ ልጆች ይደርስላቸዋል። ረቂቁን የሚያዘጋጅ ኮሚቴ ካቋቋማችሁ ደሞ ከየክበቡ መምህራንን፣ በተለይ ግን ተማሪዎችን አስገቡበት፣ እርዳታ ተቀብለው የሚያውቁትን ማለቴ ነው።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የበጎ አድራጎት ክበብ ተጠሪ መምህር