የእድር መዝገብም ምንጭ ነው

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ጋዜጣችሁን የማነበው ሆሳዕና ሆኜ ነው። ስለ ስደት ስትጽፉ እነማንን እንደምትጠቅሱ ገና ሳልገልጠው አውቀዋለሁ። አንድ የመንግሥት ኃላፊ፣ አንድ «ስማቸው እንዲገለጽ ያልፈለጉ ምሁር»፣ ከዚያ ድህነትና ሥራ አጥነት። አለቀ። የሰፈሬን ልጆች እዚያ ውስጥ ፈልጌ አጣኋቸው።

እውነቱን ለመናገር ከእኛ ወደ ደቡብ አፍሪካ የሚሄደው ሁሉ የሚበላው ያጣ አይደለም። ለደላላ የሚከፈለው ብር እኮ እዚሁ ሱቅ ያስከፍታል! መሬቱን ሸጦ የላከ አባት አውቃለሁ። ታዲያ ለምን? የዛሬ ሃያ ምናምን ዓመት አንድ የውጭ አገር ሰባኪ እዚህ መጥቶ እግዚአብሔር ወደ ደቡብ በር ይከፍትላችኋል ብሎ ተናግሯል የሚለውን ወሬ ሀዲያ ውስጥ ያልሰማ ሰው ማግኘት ይከብዳል፤ ተመራማሪዎችም ይህንኑ ከሰው አፍ ሰምተው ጽፈውታል። ትንቢቱን እመኑ አልልም፣ እኔም አላመንኩበትም። ግን ልጇን ጸሎት ቤት ወስዳ አስጸልያ የሸኘች እናት ጉዞውን እንደ ወንጀል አታየውም። እናንተ «ሕገወጥ ስደት» ብላችሁ ትጀምሩና እሷን ሳታናግሩ ትጨርሳላችሁ። የጸለየላትን ፓስተርስ ማን ጠየቀው? የሃይማኖት ጉዳይ ሲሆን አዲስ አበባ ዋናው መሥሪያ ቤት ትደውላላችሁ፣ እነሱም መግለጫ ይሰጧችኋል።

ሕጉም ላይ እንዲሁ ነው። አዋጅ ቁጥር 1178/2012 በሰው መነገድንና ሰውን ድንበር ማሻገርን ለያይቶ ነው ያስቀመጠው። እናንተ ሁለቱንም አንድ ላይ «የሰዎች ዝውውር» ትሏቸዋላችሁ። አንድ ዐቃቤ ሕግ ብትጠይቁ በአምስት ደቂቃ ያስረዳችሁ ነበር።

እኔ የእድር ጸሐፊ ነኝ። መጋቢት 2012 ሞዛምቢክ፣ ቴቴ ላይ 64 ኢትዮጵያውያን ኮንቴይነር ውስጥ ታፍነው ሞተው ሲገኙ፣ ጥቅምት 2015 ደግሞ ማላዊ ውስጥ ከ25 በላይ አስከሬን ከጅምላ መቃብር ሲወጣ ቁጥሩን ሁላችሁም ዘገባችሁ። እኛ ጋ የሆነው ሌላ ነው። ልጁ ስልክ ማንሳት ያቆመበት ቤት ሁሉ ጨነቀው። አስከሬን የለም፣ ማረጋገጫ የለም፣ ልቅሶ ይቀመጡ ወይስ ይጠብቁ? ድንኳን ይተከል? እድሩ ይክፈል? ደንባችን ስለዚህ አንድ መስመር የለውም። ሦስት እሁድ ተከራከርንበት። በመጨረሻ ፎቶግራፍ ተቀምጦ የተለቀሰለት ልጅ አለ፣ እናቱ እምቢ ብላ እስከ ዛሬ ያልተለቀሰለትም አለ። ይኼ ሁሉ መዝገባችን ላይ በቀን በቀን ተጽፏል። አንድም ጋዜጠኛ ጠይቆን አያውቅም።

ምሁር ከፈለጋችሁም ዋቸሞ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ከተማችን ነው። የመመረቂያ ጥናት የሠሩ የአካባቢው ልጆች ሞልተዋል፣ አንዳንዶቹም የገዛ ወንድማቸው ጆሃንስበርግ ስላለ ነገሩን ከመጽሐፍ ብቻ አላወቁትም።

አንድ ነገር ግን አደራ። አንድ ሬዲዮ ከመንገድ የተመለሰ የጎረቤቴን ልጅ አናግሮ ስሙን ከነሰፈሩ አስተላለፈው። በማግስቱ የደላላው ሰዎች ደጁ ላይ ነበሩ። ኃላፊውን ስም አልባ አድርጋችሁ ምስኪኑን በሙሉ ስሙ የምትጽፉት ነገር መቼም አይገባኝም፤ መገልበጥ የነበረበት ይመስለኛል።

ሪፖርተር ከላካችሁ የእድር ስብሰባችን እሁድ ከጸሎት መልስ ነው። አማርኛ የማይሆንላቸው እናቶች አሉ፣ ከሀዲይሳ የሚያስተረጉም ልጅ እኔ አዘጋጃለሁ። መዝገቡን የቤተሰቦቹን ፈቃድ ጠይቄ አሳያችኋለሁ። ብቻ ለአንድ ቀን ብላችሁ አትምጡ፣ በመጀመሪያው ቀን ማንም ምንም አይነግራችሁም።

አንድ የእድር ጸሐፊ
ከሆሳዕና