የካላዛር ምርምር ለሰሊጥ አጫጆችም ይድረስ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

በየዓመቱ ለሰሊጥ አጨዳ ወደ መተማና ሁመራ የሚወርዱ ወንድሞቻችን ጉዳይ በጣም ያሳስበኛል። ብዙዎቹን ካላዛር (በጥገኛ ተሕዋስ የሚመጣ በሽታ) የሚይዛቸው እዚያ ነው። በሽታውን የምታስተላልፈው የአሸዋ ዝንብ በዋልካ መሬት ስንጥቅና በግራር ዛፍ አካባቢ ትኖራለች። እነሱ ደግሞ ውጭ ያድራሉ። ሰው ካልታከመ በሽታው አብዛኛውን ጊዜ ይገድላል።

ደስ የሚለው፣ ጎንደርም የተሳተፈችበት የምሥራቅ አፍሪካ የካላዛር ሕክምና ጥናት ጥሩ ውጤት አምጥቷል። ነባሩ ሕክምና ለ17 ቀናት በየቀኑ ሁለት መርፌ ነበር፤ ያውም የሚያም መርፌ። አዲሱ ሚልቴፎሲን የሚባል የሚዋጥ መድኃኒትና አንድ የፓሮሞማይሲን መርፌ በቀን ሆኖ በ14 ቀናት ያልቃል። የማዳን አቅሙም ተቀራራቢ ነው። (ሚልቴፎሲን ለነፍሰ ጡር ግን አይሰጥም።) በቀን ሥራ ለሚያድር ሰው ሦስት ቀን ቀላል አይደለም!

እባካችሁ ይህን በቀላል አማርኛ ደጋግማችሁ ጻፉልን። ጤና ቢሮውም መናኸሪያ ድረስ ይምጣ። አውቶቡሱ ከመነሳቱ በፊት ለተሳፋሪው ይነገረው፦ ትኩሳቱ ሁለት ሳምንት ካለፈ፣ ሰውነት ከከሳ፣ ጣፊያ ካበጠ፣ «ወባ ነው» ብሎ መቀመጥ የለም፤ የካላዛር ምርመራ ይጠየቅ።

አንባቢያችሁ፣ ከጎንደር