ዳዊቱም ጅራፉም

ታኅሣሥ 1 ቀን 2010 ዓ.ም.
ጁኒየህ፣ ሊባኖስ

ይድረስ ለአባዬና ለእማዬ፤

ለጤናችሁ እንደምን ከርማችኋል? ውርጩ ባቄላውን አልነካውም? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ዛሬ እሑድ ነው፣ ልደታም ናት። እዚህ አገር ከመጣሁ ዓመት ከአራት ወሬ ነው፤ ብቻዬን ከቤት ስወጣ ግን ዛሬ ገና የመጀመሪያዬ ነው። የምጽፍላችሁ ከባሕሩ ዳርቻ ተቀምጬ ነው። ነፋሱ ወረቀቱን እየነጠቀ ስላስቸገረኝ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ።

እማዬ፣ የሦስት ወር ደመወዜ እንዳልተከፈለኝ በስልክ ስነግርሽ «ቻይው ልጄ፣ እመብርሃን ታውቅልሻለች» ብለሽኝ ነበር። ያመጣኝ ደላላም ስደውልለት «ታገሺ፣ እግዚአብሔር ያያል» አለኝ። አንቺ ያልሽው ከአንጀትሽ ነው፤ እሱ ያለው ስልኩን ለመዝጋት ነው። የሁለታችሁ ቃል መመሳሰሉ ሌሊቱን ሁሉ ሲከነክነኝ አደረ።

የማዳም ቤት ስድስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ልብስ ሳሰጣ ቀና ካልኩ፣ ሐሪሳ በሚሉት ተራራ ራስ ላይ እጇን ዘርግታ የቆመች ነጭ የእመቤታችን ሐውልት ትታየኛለች። በእነሱ ቆጠራ በ1908 የቆመች ናት። ሰዎቹ ክርስቲያኖች ናቸው፤ ማሮናይት ይባላሉ። በየመንገዱ ዳር ለማርያም ትንንሽ ቤት ሠርተው ሻማ ያበሩላታል። መጀመሪያ እንዲህ ያለ አገር መድረሴ ደስ ብሎኝ ነበር። አንድ ቀን ግን ማዳም ወደ ሐውልቷ ዞራ ስታማትብ፣ ፓስፖርቴ የተቆለፈበት መሳቢያ ቁልፍ አንገቷ ላይ ከመስቀሏ ጋር ተንጠልጥሎ አየሁ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ቀን መጸለይ አቃተኝ። ይህን ለንስሐ አባታችን ራሴ እነግራቸዋለሁ፤ እንዳትቀድሙኝ።

ኅዳር 25 ሰኞ ዋለ። የሰኞ ዳዊት ከ1 እስከ 30 ነው፤ እኔ ግን አባዬ ያስጠኑኝን 26ኛውን ብቻ ነው የማውቀው። ያን ቀን እነሱ ቅድስት ባርባራን ያከብራሉ፤ ስንዴ ይቀቅሉና ስኳር ጨምረው ይበሉታል። ንፍሮ በስኳር! ደግነቱ የጾም ነው። ስንዴውን ጥጄ ወደ በረንዳው ብወጣ ጉም ሐውልቷን ውጧታል። ጣርማበር ትዝ አለኝ።

አባዬ፣ ያስታውሱታል? ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። በሁለት አህያ ገብስ ጭነን ጣሊያን ከፈለፈለው ዋሻ ወጥተን ወደ ደብረ ሲና ስንወርድ፣ ጉሙ የፊተኛዋን አህያ ጅራት እንኳ አላሳይ አለ። የጭነት መኪናው ድምፅ ከላይ ይምጣ ከታች አይለይም። እኔ የጋቢዎን ጫፍ ይዤ እንቀጠቀጣለሁ። እርስዎ «እግዚአብሔር ያበርህ ሊተ ወያድኅነኒ፤ ምንትኑ ያፈርሀኒ» ይሉና ጅራፉን ያጮኹታል። ደግሞ ዳዊቱን፣ ደግሞ ጅራፉን። «አህዮቹ እየሄዱ አይደለም እንዴ፣ ጅራፉ ለምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁዎት። «ዳዊቱን እግዚአብሔር ይሰማዋል፤ ጅራፉን ደግሞ ሾፌሩ ይስማ» አሉኝ። ያን ጊዜ ስቄ ነበር፤ እዚህ ግን ከስንዴው ድስት አጠገብ አለቀስኩ።

ከሰዓት በኋላ በማዶው በረንዳ ልብስ የምታሰጣው የመንዝ ልጅ ዐረብኛዬን አስተካከለችልኝ። ማታ እንግዶቹ ሲሄዱ ሳህኑን ሳላነሳ ማዳም ፊት ቆምኩ። ፍርሃቱ ለቀቀኝ ብል ውሸት ነው። በልቤ «ምንትኑ ያፈርሀኒ» እላለሁ፤ የሚያስፈራኝን ደግሞ አንድ በአንድ እቆጥራለሁ፦ ብታባርረኝስ? ለፖሊስ ብትሰጠኝስ? የደላላው ዕዳስ? ከዚያ ተናገርኩት። ሦስት ወር ሠርቻለሁ፣ ደመወዜ ይሰጠኝ፤ እሑድ እሑድም ቤተ ክርስቲያን እሄዳለሁ። ድምፄ ካሰብኩት በላይ ጮኸ።

«ማን አስተማረሽ?» አለችኝ። «አባቴ» አልኳት።

በማግሥቱ የሁለት ወሩን፣ 300 ዶላር፣ ጠረጴዛው ላይ ትታልኝ ወጣች። የሦስተኛው ወር ገና ነው፤ ቁልፉም አሁንም አንገቷ ላይ ነው፤ ስለ እሱም እጠይቃታለሁ። እሑድን ግን ይኸው አገኘሁ።

እማዬ፣ አትቀየሚኝ፤ መቻሉን አልተውኩትም። ጾም ስለሆነ የሥጋውን ወጥ ሳልቀምስ እሠራለሁ፤ ማዳምም ጨው በዛ እያለች ትጮኻለች። እሱን እችለዋለሁ።

ይህን ደብዳቤ በምታመጣላችሁ እኅት 200 ዶላር ልኬያለሁ። መጀመሪያ የደላላው ዕዳ ይከፈል፤ በተረፈው ለእማዬ ከደብረ ብርሃን ወፍራም ብርድ ልብስ ይገዛላት። ዘመድ ሰምቶ ለብድር ሳይመጣ ቶሎ አድርጉት። እኅትዬዋ ገናን ውላ ትመለሳለችና የደብረ ሲና ቆሎ በእሷ ላኩልኝ፤ በርከት ይበል፣ የመንዟም ልጅ ድርሻ አላት።

ጉልበታችሁን ስማለሁ።

የእናንተው ልጅ